የሙርሊደን ብቸኛ ማጣሪያ

የሚስቴን ወንድም ሲቨርትን ፊቱ ላይ በስምንት ኪሎ ብረት የመታሁት እኔ ሮልፍ ነኝ እንጂ ጓደኛዬ ኮኒ አይደለም። በሰሜኑ የበረዶ አገር ባለችው መንደራችን በሙርሊደን ሰው ሁሉ ኮኒ ነው ብሎ ያምናል። ኮኒ ሲደባደብ ያላየ የለም፤ እኔ ደግሞ ረጋ ያልኩ ሰው ነኝ ይባላል። ሃያ ሁለት ዓመት አብራኝ የኖረችው ሚስቴ ጉኔል ብቻ ናት እንደዚያ ብላ የማታውቅ። እሷ የምትፈራኝ ጸጥ ስል ነው።

ብረቱ የጭስ ማጣሪያ ነበር። ከመኪናው ሆድ ሥር፣ ከሞተሩ በሚወጣው ቧንቧ መሃል የሚገባ፣ ትልቅ ዳቦ የሚያክል ነገር ነው። ውስጡ እንደ ማር እንጀራ የተቦረቦረ ሸክላ አለው፤ ጭሱ በዚያ ሲያልፍ ይጣራል። እኛ ሙርሊደን ውስጥ አሮጌ ቮልቮዎቻችን ላይ ተርቦ፣ ለሞተሩ አየር እየነፋ ጉልበት የሚጨምረውን፣ እንገጥማለን፤ ያውም ከተጣለ የግንድ ጫኝ መኪና ላይ የፈታነውን፣ የሰው ጭንቅላት የሚያክለውን። ተርቦን የሚያሽከረክረው ጭሱ ነው። ጭሱ ቶሎ መውጫ ካላገኘ ተርቦው ይታፈናል፣ መኪናውም ያዛጋል። ስለዚህ ማጣሪያውን ፈትተን እንጥለዋለን። ከዚያ በኋላ በረዶ የጋገረው ሐይቅ ላይ ነዳጅ ስትረግጥላት ወንበሩ ጀርባህን ይገፋሃል፤ ይህን ያልቀመሰ ሰው ሲሰድበን ዝም ብዬ ነው የማየው።

ችግሩ ዓመታዊው ምርመራ ነው። ዘጠና ኪሎሜትር ርቃ ባለችው ከተማ አንድ ጣቢያ አለ። እዚያ ጭስ ማውጫህ ውስጥ ቱቦ ይሰኩና የጭሱን መርዝ በቁጥር ያነባሉ። ከዜሮ ነጥብ አምስት በላይ ከሆነ መኪናህ ከመንገድ ይታገዳል። ወደ ሙርሊደን አውቶቡስ አይመጣም፤ ሥራም ሐኪምም ሱቅም ያለ መኪና የለም። እኛ ደግሞ በየጊዜው እየፈታን ስንጥል፣ ስንሸጥ፣ ስንሰብር ኖረን መጨረሻ ላይ በመንደሩ አንድ ደህና ማጣሪያ ብቻ ቀረ።

ያ አንዱ ማጣሪያ የአደን ቡድናችን ትልቁን የዱር አጋዘን የሚበልትበት ቆርቆሮ ቤት ውስጥ፣ ከሥጋ መንጠቆዎቹ አጠገብ ይሰቀላል። አሥራ አንድ መኪኖች በእሱ ያልፋሉ። የሁላችንም ቧንቧ አፍ በአንድ ልክ የተበየደ ስለሆነ አራት ቡሎን ፈትቶ አራት ቡሎን ማሰር ነው። ግድግዳው ላይ ካርቶን አለ፤ ቀጠሮ ያለው ሰው ስሙንና ቀኑን ይጽፋል። ማጣሪያ ሲቀዘቅዝ አይሠራምና እስከ ከተማ ድረስ በሦስተኛ ማርሽ እያስጮህክ ትነዳለህ፤ ጣቢያው ደጅ ላይ ተራህ እስኪደርስ ሞተር አታጠፋም። ከፋብሪካ ስትወጣ የነበራትን የነዳጅ መቆጣጠሪያ ኮምፒውተርም ለዚያ ቀን ትመልስላታለህ። ካለፍክ በኋላ ጣቢያው አጠገብ ካለው ጎማ ሻጭ ጀርባ ገብተህ ትፈታለህ፣ የሚቀጥለው ሰው እዚያው ያስራል። በብየዳ ጓንት ነው የምንይዘው፣ ምክንያቱም ሲፈታ ገና ይፋጃል።

በዚህ ብረት የተነሳ ደም የፈሰሰውም ሲቨርትን በመታሁ ቀን ለመጀመሪያ ጊዜ አልነበረም። ከሦስት ዓመት በፊት ኬንት የሚባለው ጎረቤታችን ሦስት ሳምንት ሙሉ አልመልስም ብሎ ቤቱ አስቀመጠው። ኮኒ በአካፋ እጀታ ሁለት የጎን አጥንቱን ሰብሮ ነው የወሰደው። በዚያው መከር ሁለቱ አንድ ማማ ላይ ተቀምጠው አጋዘን ሲጠብቁ ዋሉ። እኛ ዘንድ እንዲህ ነው፤ ተመታን ብሎ ፖሊስ የሚጠራ የለም።

ግንቦት ላይ ግን ፖሊስ ሳይጠራ መጣ። ከመንደሩ በታች መንገዱ ለሁለት የሚከፈልበት ቦታ ላይ አንድ ጠዋት ቆመው አራት መኪና አስቆሙ። ሌሎቹን በእጅ ምልክት እያሳለፉ እኛን ብቻ መርጠው ነው ያስቆሙት። አንደኛው የኔ ነበር፣ አንደኛው የኮኒ። አንዱ ፖሊስ ከመኪናው ሥር አጎንብሶ፣ ማጣሪያ መኖር በነበረበት ቦታ ያለውን ባዶ ቧንቧ አይቶ ፈገግ አለ። አራቱም ታገዱ። ከዚያ በኋላ መኪናውን መንዳት የሚፈቀደው ወደተያዘ የምርመራ ቀጠሮ ብቻ ነው።

ማን ነገረብን? ያን ሳምንት መንደሩ ውስጥ ሌላ ወሬ አልነበረም፤ መልሱም ለሁሉም አንድ ነበር። ሲቨርት። ሲቨርት ያ ጣቢያ ውስጥ መርማሪ ነው። የሙርሊደን ልጅ ነው፤ ከኔ ጋር አንድ ወንበር ላይ ተቀምጦ ተምሯል፤ የኔዋ ጉኔል ታላቅ ወንድም ነው። ግን ከተማ ከገባ ወዲህ እኛን ረስቶናል። አባታቸው ከተቀበሩ በኋላ አንድ ቀን እንኳ የቤታችንን ደጅ ረግጦ አያውቅም። ለገና ሲጠራ ሥራ አለብኝ፣ ለልደት ሲጠራ መንገዱ በረዶ ነው። እኔ ኩራት ነው ብዬ ዘግቼዋለሁ። ፊት ለፊት ግን ተናግሬው አላውቅም፤ አሥራ አንድ ዓመት ሆዴ ውስጥ ተቀምጧል።

ኮኒና እኔ ለአንድ አርብ ቀጠሮ ያዝን፤ እሱ ከቀኑ አምስት ሰዓት፣ እኔ ሰባት ሰዓት ሲሞላ። ጠዋት ጉኔል ወደምትሠራበት የአረጋውያን ቤት ለመሄድ ጫማዋን እያሰረች ነበር። ከኮኒ ጋር መሄዴን ስትሰማ እጇ ማሰሪያው ላይ ቆመ።

“ሮልፍ፣ ስማኝ” አለች። “ሲቨርትን ብትነኩት፣ አንተም ሆንክ ያ ጅል፣ እኔ ከአንተ ጋር አንድ ጣሪያ ሥር አላድርም። ደግሜ አልነግርህም።”

“ለምርመራ ነው እኮ የምንሄደው” አልኳት።

“እሱን ተወው። የነገርኩህን ሰምተሃል?”

ሰምቻለሁ አልኩ። በእውነትም ሰምቼ ነበር።

ኮኒ ማጣሪያውን መኪናው ላይ አስሮ ፊት ፊት ሄደ፣ እኔም ተከተልኩት። ጣቢያው ስንደርስ የኮኒን መኪና የተቀበለው ራሱ ሲቨርት ሆነ። ጭሱ አለፈ፤ ዜሮ ነጥብ ሦስት። ሲቨርት ግን መኪናውን ከፍ አድርጎ የፊት ጎማውን ወዘወዘና የመሪው ክንድ ላልቷል ብሎ ጣለው። መሪው እውነት ላልቶ ነበር፤ እኔ ራሴ ለኮኒ ከገና በፊት ነግሬዋለሁ። ኮኒ ግን ወረቀቱን ጨብጦ ሲወጣ ጆሮው ድረስ ቀልቶ ነበር። መጀመሪያ ለፖሊስ ሸጠን፣ አሁን ደግሞ ይቀልድብናል እያለ ከጎማ ሻጩ ጀርባ እስክንደርስ ተሳደበ።

እዚያ ክሪኩን አስገብተን መኪናውን አነሳን። እኔ ገብቼ አራቱን ቡሎኖች ፈታሁ። ማጣሪያውን በብየዳ ጓንቴ ይዤ ብቅ ስል፣ ሲቨርት ዳቦውን በእጁ እንደያዘ በአጥሩ ማዕዘን ዞሮ ወደ እኛ ሲመጣ አየሁት። የምሳ ሰዓቱ ነው። ሁለት ሜትር ሊሞላ ትንሽ የቀረው ሰው ነው፤ ሲራመድ ትንሽ ያጎነብሳል።

“ኮኒ፣ ያ ያነሳኸው ነገር...” ብሎ ጀመረ።

ኮኒ አላስጨረሰውም። ቡጢው አፉ ላይ አረፈ። ዳቦው ጭቃው ላይ ወደቀ፤ ሲቨርት አንድ እርምጃ ወደ ኋላ ሄዶ በመዳፉ ከንፈሩን ነካና ደሙን አየ። ኮኒ ደገመው፣ ሆዱ ላይ። ሦስተኛውን ሊሰነዝር ሲል ሲቨርት የኮኒን ፀጉር ከኋላ ጨበጠና ፊቱን ከመኪናው ኮፈን ጋር አጋጨው። የአፍንጫው አጥንት ሲሰበር ተሰማኝ። እንደገና አጋጨው። ኮፈኑ ጎደጎደ፣ ነጩ ቀለም ላይ ደም ረጨ፤ አንድ ጥርስ ተንከባልሎ መስታወት መጥረጊያው ሥር ተሸጎጠ። ሲቨርት የሚጮህ ሰው አይደለም፤ ሥራውን እንደሚሠራ ሰው ነበር የሚያጋጨው። ኮኒ ኮፈኑ ላይ እየተንሸራተተ ወደ መሬት መውረድ ጀመረ።

ኮኒን ለማዳን ነው ብል ማንም ያምነኛል፤ ለፖሊስም እንዲያ ማለት እችል ነበር። እንቅጩን ልናገር። በዚያች ሰዓት ስለ ኮኒ አላሰብኩም። ያየሁት ያን ጎንበስ ያለ ጀርባ ብቻ ነው፤ ለገና ያልመጣውን፣ ለልደት ያልመጣውን፣ ከኛ በላይ ነኝ የሚለውን ጀርባ። ዓይኔ ደም ለበሰ። “ሲቨርት” አልኩት፣ ዞር እንዲል። ዞር ሲል ማጣሪያውን በሁለት እጄ ወዝውዤ ፊቱ ላይ አሳረፍኩበት።

የቧንቧው ከንፈር ቀኝ ዓይኑ ሥር ገባ። ድምፁ እርጥብ እንጨት በመጥረቢያ ሲመታ ያለው ነው። ብረቱ ገና ትኩስ ስለነበር ጉንጩ ላይ ተጣበቀ፤ ስስበው ከቆዳው ጋር መጣ፤ የተቃጠለ ሥጋ ሸተተኝ። ሲቨርት እጁን ወደ ፊቱ አንስቶ፣ መንገድ ላይ ረስቶት፣ ከተደረደሩት አሮጌ ጎማዎች ላይ በጀርባው ወደቀ። በጣቶቹ መሃል ከደሙ ጋር ሌላ ውሃ ይፈስ ነበር። ያ ውሃ ምን እንደሆነ ወዲያው ገባኝ።

ኮኒ እየተንገዳገደ ተነሳ። ከአፉ ደም እያዝረበረበ መጥቶ የወደቀውን ሰው ጎኑን አፍንጫው ብረት በሆነ ጫማው ረገጠው። አንዴ፣ ሁለቴ፣ ሦስቴ። ቆሜ ቆጠርኩ፤ ሦስት እስኪሞላ አላስቆምኩትም። በአራተኛው አንገቱን ይዤ ጣልኩትና እላዩ ላይ ተቀምጬ የተሰበረ አፍንጫውን በቡጢ ደበደብኩት። ለምን እሱን እንደምመታው አላውቅም ነበር፤ አንድ ሰው መመታት ነበረበት።

ሲደክመኝ ተነስቼ ማጣሪያውን ከመሬት አነሳሁ። ሳነሳው ውስጡ ተንሿሿ። ሸክላው ተሰባብሯል፤ ጠጠር የተሞላ ቆርቆሮ ይመስል ነበር።

ሲቨርት ጎማዎቹ ላይ እንደተጋደመ ድምፁን ሰማው። ፊቱን በሁለት እጁ ሸፍኗል።

“ሰበርከው” አለኝ። “አሁን በምን ልታልፉ ነው?”

ኮኒ ከመሬት ቀና ብሎ አየኝ። የሲቨርት አነጋገር የጠላት አልነበረም፤ ስለ መኪናዎቻችን የተጨነቀ ሰው አነጋገር ነበር። አምቡላንስ ጠራሁ። እስኪመጣ ጭንቅላቱን ጭኔ ላይ አድርጌ ጃኬቴን ፊቱ ላይ ያዝኩለት፤ እሱ ደግሞ ሱሪዬን ጨብጦ አልለቀቀም። ለአምቡላንሱ ሰዎች የጭስ ቧንቧ ከላይ ወደቀብኝ አላቸው። በኋላ ለፖሊስም ያንኑ ነው የተናገረው።

ሆስፒታል ሐኪሟ ለጉኔል ስትነግራት እኔ ኮሪደሩ ጫፍ ላይ ነበርኩ። ቀኝ ዓይኑ ወጥቷል። ግራው ከልጅነቱ ጀምሮ ደካማ ነው፤ በሱ ሰውን ከዛፍ ይለያል፣ ጽሑፍ ግን በጣም ካላቀረበው አያነብም። የኖረው በቀኙ ነበር። ጉኔል ጥያቄ አልጠየቀችም። መጥታ ክንዴን ይዛ ወደ መኪና ማቆሚያው ወሰደችኝ።

በመኪናዋ ክፍት የተሳፋሪ በር ጠርዝ ላይ እጄን አስደግፌ ቆሜ ነበር። “ማጣሪያው የማን እንደሆነ ታውቃለህ?” አለችኝ።

“የመንደሩ” አልኳት።

“የአባቴ መኪና ላይ የነበረ ነው። መኪናው ሲጣል ሲቨርት ነው የፈታው። የማጣሪያው ቆርቆሮ ላይ ያለውን ጉድጓድ በልጅነቱ በድንጋይ ያጎደጎደው እሱ ነው። አሥራ አንድ ዓመት ሙሉ፣ መኪናችሁን ከፍ ባደረገ ቁጥር፣ ያንኑ ጉድጓድ ያያል። በኮኒ ሥር ያየዋል፣ በኬንት ሥር ያየዋል፣ በአንተ ሥር ያየዋል። አይቶ ያሳልፋችኋል። ሙርሊደን ለምን እንደማይመጣ ገባህ አሁን? ቆርቆሮ ቤቱ ውስጥ ተሰቅሎ ካየው ማወቁ ሊካድ አይችልም፣ ከሥራው ይባረራል። እኔን ሲናፍቅ በስውር ከተማ ያገኘኝ ነበር።”

“ለምን አልነገርሽኝም?”

“ምክንያቱም ለኮኒ ትነግረው ነበር።”

ከዚያ በሩን ዘጋችው። እጄ እዚያ እንዳለ አይታለች፤ ዓይኔን እያየች ነው የዘጋችው። ሁለት ጣቶቼ ተሰበሩ። ጮህኩ። በሩን ከፍታ እጄን አውጥታ ደረቴ ላይ አስቀመጠችልኝ፤ ዞራ ገብታም ነድታ ሄደች። ወደ ሲቨርት ቤት ነው የሄደችው፤ ልብሷን በሳምንቱ የአረጋውያን ቤት ባልደረባዋ መጥታ ወሰደችላት።

ፖሊስን ማን እንዳመጣው ያወቅሁት ከዚያ በኋላ ነው። ኬንት በስልኩ አሳየኝ። ኮኒ መጋቢት ላይ ማጣሪያውን ስንቀያይር ቀርጾ ኢንተርኔት ላይ ለጥፎታል፤ አሥራ ዘጠኝ ደቂቃ፣ የመንደሩ ክብረ ወሰን። የኔ ፊት ይታያል። የአራት መኪኖች ሰሌዳ ይታያል፣ በሰልፍ፣ አንድ በአንድ። መጨረሻው ላይ ኮኒ ማጣሪያውን እንደ ዋንጫ ስሞ ያነሳዋል። አርባ ሺህ ሰው አይቶታል። ሲቨርት ያን ቀን ዳቦውን ይዞ የመጣው ይህን ከኢንተርኔት አጥፉት ሊለን ነበር።

ኮኒን ሥጋ በምንበልትበት ቆርቆሮ ቤት ውስጥ አገኘሁት። ስልኩን ፊቱ ላይ ያዝኩለት። “ለቀልድ እኮ ነው” አለ፣ በተሰበረ አፍንጫው። ጤነኛ እጄ ግራው ነበርና በግራዬ መታሁት። ግድግዳው ላይ ካለው ካርቶን ጋር ተላተመ። እንዲመልስልኝ ፈልጌ ነበር፤ ቢመልስልኝ ይሻለኝ ነበር። እሱ ግን ሁለት እጁን ወደ ታች ለቆ ቆመ፣ እኔም መታሁት፣ መታሁት፤ ተንሸራትቶ ደም መፍሰሻው ቦይ አጠገብ ተቀመጠ። አንድ ዓይኑ አብጦ ተዘጋ። ያን ዓይን ሳይ ትቼው ወጣሁ።

በጋውን በብስክሌት ሃያ ሁለት ኪሎሜትር እየሄድኩ በእንጨት መሰንጠቂያው ሠራሁ። መኪናዬ ታግዳ ደጄ ላይ ቆማለች። ጉኔል ስልክ አታነሳም። ሰኞም ሐሙስም እደውላለሁ፤ ይጠራል፣ ይዘጋል። ብቻዬን ድንች እቀቅልና ቆሜ እበላለሁ። ትመጣለች ወይስ አትመጣም፤ ከዚህ ሌላ ሐሳብ አልነበረኝም። ነሐሴ መጨረሻ ላይ አንድ ቀን አነሳችው።

“ሲቨርት መስከረም ላይ ሥራ ይገባል” አለች። “አንድ ባልደረባው እያገዘው። ቀጠሮ ያዝና መኪናህን ይዘህ ና ብሎሃል።”

“ማጣሪያው ተሰብሯል እኮ። መኪናዋ አታልፍም።”

“ና ብሎሃል ነው ያልኩህ። ከዚያ በኋላ እኔና አንተ እንነጋገራለን።”

እንነጋገራለን። በዚያች ቃል ሁለት ሳምንት በላሁ፣ ጠጣሁ፣ ተኛሁ። የተሰበረውን ማጣሪያ አምጥቼ አሰርኩት። መጀመሪያ ግን በአንድ በኩል ገልብጬ የሸክላውን ስብርባሪ አራገፍኩ፤ ባዶ ቆርቆሮ ሆነ። መልኩ ብቻ ቀረ። የድሮውን ኮምፒውተርም ለመግጠም አልደከምኩም። አልፋለሁ ብዬ አልነበረም፤ ልጣል ነው የሄድኩት። መንገዱን ሙሉ ምን እንደምለው ለራሴ ስነግረው ነበር፦ ሲቨርት፣ ባዶ ነው፣ ጣለኝ፣ የሚገባኝን ቅጣት ንገረኝ። በሦስተኛ ማርሽ አላስጮህኳትም። ቀስ ብዬ ነዳሁ።

ጣቢያው ውስጥ የተሰለፈ መኪና አልነበረም። ሲቨርት መኪና መመርመሪያው ጉድጓድ አጠገብ ቆሟል። ቀኝ ዓይኑ በጥቁር ጨርቅ ተሸፍኗል፣ ጉንጩ ላይ የቧንቧው ከንፈር ግማሽ ክብ አትሟል። ሲያየኝ ራሱን ነቅንቆ ሰላምታ ሰጠኝ። ባልደረባው ምሳ ላይ ነበር። መኪናዬ ሥር ገባ፤ እጁ እየዳበሰ ማጣሪያው ድረስ ሲሄድ፣ ያን የድንጋይ ጉድጓድ ሲያገኝ፣ በጣቱ አንዴ ሲያንኳኳው ሰማሁ። ባዶነቱን ማንም ይሰማዋል።

ወጥቶ ቱቦውን ጭስ ማውጫው ውስጥ ሰካ። ያ ጣቢያ ያረጀ መለኪያ ነው ያለው፤ ቁጥሮቹ ትንንሽ፣ ቀይ፣ መስታወቱ የቆሸሸ። ጠረጴዛው ላይ ያለውን ወረቀት አነሳ፤ እስክሪብቶውንም ያዘ።

“አንብብልኝ” አለኝ። “እኔ አላየውም።”

መለኪያው ላይ ጎንበስ አልኩ። ሦስት ነጥብ ስምንት። ጭሱ ጥሬ ቤንዚን ይሸታል፤ ዓይኔን አቃጠለኝ። መንገዱን ሙሉ ያጠናሁት ቃል አፌ ውስጥ ነበር።

“ዜሮ ነጥብ ሦስት” አልኩ።

እንዴት እንደወጣ አላውቅም። ሃያ ዓመት እዚህ ቤት ቆሜ የተመኘሁት ቁጥር እሱ ነው፤ ምላሴ ሌላ ቁጥር አልለመደም። ቆይ ልል አፌን ከፈትኩ። የሲቨርት እስክሪብቶ ወረቀቱ ላይ ይንቀሳቀስ ነበር፤ አንገቱን ደፍቶ፣ አፍንጫው ወረቀቱን ሊነካ ደርሶ፣ በትላልቅ የልጅ ፊደል ዜሮ ነጥብ ሦስት ብሎ ጻፈ። አፌን መልሼ ዘጋሁ። መኪናዬ ነጻ ወጣች ብሎ ልቤ ሲዘል ተሰማኝ፤ ያን ልቤን አውጥቼ ብረግጠው ደስ ይለኛል።

ማኅተሙን መታና ወረቀቱን ዘረጋልኝ። ስቀበለው አለቀቀውም። ለጥቂት ጊዜ ሁለታችንም ያዝነው።

“ሽታው እኮ ይነግረኛል፣ ሮልፍ” አለኝ። “ዓይን ባይኖረኝም።”

“ሲቨርት...”

“ጉኔል ይዋሻል ብላኝ ነበር። ትናንት ማታ እራት ላይ። እኔ ከዚህ በኋላስ አይዋሽም ብዬ ተከራከርኩልህ፤ ተጣላን ማለት ይቻላል። ልብሷን ሻንጣ ውስጥ እንድትከት ያደረግኋት እኔ ነኝ፤ እዚያ ማረፊያ ክፍል ውስጥ ሻንጣዋን ይዛ ተቀምጣለች። ካንተ ጋር ልትሄድ።”

ወረቀቱን ለቀቀልኝ። ዞሬ አየሁ። በማረፊያ ክፍሉ መስታወት ውስጥ ጉኔል ቆማለች። ሰማያዊ ካፖርቷን ለብሳለች። በሩ ክፍት ነበር፤ ከመለኪያው እስከ በሩ አራት እርምጃ አይሞላም። የተናገርኩትን ሰምታለች፣ ሽታውም ደርሷታል። እየቀረብኩ ስሄድ ዓይኗ ላይ ቁጣ ፈለግሁ። በሩን እጄ ላይ የዘጋችው ጊዜ የነበረው ቁጣ ቢኖር ኖሮ ተንበርክኬ እለምናት ነበር። አልነበረም። ሻንጣዋን ከመሬት አንስታ ወንበሩ ላይ መልሳ አስቀመጠችው፣ ካፖርቷን አውልቃ እላዩ ላይ አኖረችው፣ ጀርባዋን ሰጥታኝም ተቀመጠች።

ስሟን ጠራሁ። አልዞረችም። ከኋላዬ ሌላ መኪና ገብቶ ጥሩምባ ነፋ፣ ሲቨርትም በእጁ ውጣ አለኝ።

ወጣሁ። ወረቀቱ ወንበሬ አጠገብ ተቀምጧል፣ ማኅተሙ ገና እርጥብ ነው። ከከተማው ስወጣ መንገዱ ባዶ ነበር፤ ረገጥኳት። ማጣሪያው ባዶ ስለሆነ ጭሱን የሚይዘው ነገር አልነበረም፤ ተርቦው አፏጨ፣ ወንበሩ ጀርባዬን ገፋው። እያለቀስኩ ነበር። መኪናዋ ግን እንደዚያ ቀን ጎትታልኝ አታውቅም፣ እግሬንም አላነሳሁም።